ለአዲሱ የቅዳሴ ትርጉም ቁምስናና ትምህርት ቤት ሲዘጋጁ፦ ካርድ ብቻ ይበቃል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ከዚህ በታች ያለው በአንድ የውይይት ክር ላይ የተነሣ ጥያቄና የተጻፉለት መልሶች ናቸው፤ ጠቅለል አድርጌ፣ አልፎ አልፎም የራሴን አስተያየት ጨምሬ አቀርባቸዋለሁ። ጥያቄውን የከፈተችው በአሜሪካ የአንድ ቁምስና (የካቶሊክ አጥቢያ) የሥርዓተ አምልኮ አስተባባሪ ናት። ጊዜው የኦገስት 2011 መጨረሻ ነው፤ እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የሮማ መጽሐፈ ቅዳሴ ሦስተኛ እትም አዲሱ የእንግሊዝኛ ትርጉም ኖቬምበር 27፣ በአድቬንት (ከልደት በፊት ባለው የዝግጅት ወቅት) የመጀመሪያ እሑድ፣ ሥራ ላይ ይውላል። ቁምስናው የምእመናኑን ምላሽ የያዘ ካርድ አዝዟል። ቆሞሱም (የቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን) ካርዱ በየአግዳሚው ከተቀመጠ ሕዝቡ እያነበበ ይመልሳል ብለው ያምናሉ። በቁምስናው ሥር ያለው ትምህርት ቤት ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያስተምራል፤ መምህራኑም ከየት እንጀምር እያሉ ነው። ካርድ ብቻ ይበቃል ወይ? ካልበቃ በቀሩት እሑዶች ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል?

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ካርዱ ግድ መሆኑን ይቀበላል፤ ከካርዱ በፊት ግን የማይለወጠው ይነገር ይላል። አቡነ ዘበሰማያት አይነካም። «አቤቱ ማረን» እና «የእግዚአብሔር በግ» እንዳሉ ይቀጥላሉ። ንባባቱ ከሌላ መጽሐፍ ስለሚነበቡ አይለወጡም፤ መቆሙም፣ መቀመጡም፣ መንበርከኩም ያው ነው። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው ይረጋጋል፤ ያልሰማ ቅዳሴው ሊለወጥ ነው የሚል ወሬ ይዞ ይመጣል። የሕዝቡ ክፍል ለውጥ ተጠቃሎ ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ለካህኑ ግን መጽሐፉ በሙሉ አዲስ ነው ሲል ያክላል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አብዛኛው ቁምስና ዘንግቶታል፤ ስብሰባው ሁሉ ስለ ሕዝቡ ካርድ ነበር።

መልስ 2

ሁለተኛው የመዘምራን መሪ ነው፤ የክሩ ምርጥ ምክር የእሱ ይመስለኛል። የሚዘመሩትን የሕዝብ ክፍሎች ከሴፕቴምበር ጀምሮ ማስገባት ተፈቅዷል፤ በዚህ ፈቃድ ያልተጠቀመ ቁምስና ራሱን ይጎዳል ይላል። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» በአድቬንት እሑዶች አይዘመርም። ኖቬምበር 27 ልጀምረው ያለ ቁምስና፣ ማርያም ያለ አዳም ኃጢአት የተፀነሰችበትን የዲሴምበር 8 በዓል በመሳሰለ ቀን ካልሆነ በቀር፣ እስከ ልደት ሌሊት አያገኘውም። ያን ጊዜ ደግሞ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ሕዝቡ የማያውቀውን ረጅም መዝሙር ሊዘምር ነው። ከሴፕቴምበር 4 እስከ ክርስቶስ ንጉሥ በዓል፣ ኖቬምበር 20፣ ግን 12 እሑዶች አሉ።

አካሄዱን እንዲህ ዘርዝሮታል። ለሁሉም ቅዳሴዎች አንድ ዜማ ብቻ ይመረጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች መዘምራኑ ብቻቸውን ይዘምሩት፤ ሕዝቡ ጆሮውን ያለማምድ። ከሦስተኛው እሑድ ጀምሮ ከቅዳሴ በፊት 5 ደቂቃ ሐረግ በሐረግ ይለማመድ፤ መሪው ይላል፣ ሕዝቡ ይደግማል። «ቅዱስ» በኦክቶበር ይከተል፤ እሱ የተለወጠው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ከቍርባኑ ባርኮት በኋላ የሚዘመረው የእምነት ምሥጢር አዋጅ በኖቬምበር ይግባ።

ከዚያ አንድ ማስጠንቀቂያ አለው። አሮጌውን ዜማ አሳርሞ አዲሱን ቃል ማልበስ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ሕዝቡ ግን ዜማውን ሲሰማ አፉ ወደ አሮጌው ቃል ይሄዳል። በ«ክብር ለእግዚአብሔር» ውስጥ በቀድሞው ትርጉም ሦስት የነበሩት ግሦች በአዲሱ አምስት ሆነዋል፦ እናወድስሃለን፣ እንባርክሃለን፣ እንሰግድልሃለን፣ እናከብርሃለን፣ ስለ ታላቅ ክብርህ እናመሰግንሃለን። በታወቀ ዜማ ላይ ሕዝቡ የሚደናቀፈው እዚህ መሐል ነው። ሙሉ በሙሉ አዲስ ዜማ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢለመድም እንዲህ አያደናቅፍም።

መልስ 3 እና 4

ሦስተኛዋ በሁሉም ተስማምታ፣ እንግዲያው ሕዝቡ ለካህኑ ሰላምታ የሚመልሰው አዲሱ «ከመንፈስህም ጋር» የሚለውም በኦክቶበር ይጀመርና ሕዝቡ ቀስ በቀስ ይልመድ አለች። አራተኛው ዲያቆን ናቸው፤ በትሕትና ግን በቁርጥ አርመዋታል። ቅድሚያ የተፈቀደው ለሚዘመሩት ክፍሎች ብቻ ነው። የሚነገሩት ምላሾች በአንድ ቀን ይጀመራሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላም የቀድሞው ትርጉም አይሠራም። ከቅዳሴ በፊት መለማመድ፣ በክፍል ውስጥ ማስጠናት፣ በስብሰባ ላይ አብሮ ማንበብ ግን አልተከለከለም። መልስ 2 ያለው የ5 ደቂቃ ልምምድ ለዚህም ይሆናል። ካህኑ ከመግባታቸው በፊት አስተባባሪዋ ቆማ፣ ሰላምታውን ብላ፣ ሕዝቡ አዲሱን ምላሽ ሦስት ጊዜ ይመልስ።

መልስ 5

ካርዱ ለምን እንደማይበቃ ያስረዳው ይህ መልስ ነው። ሕዝቡ የሚሳሳተው ከባድ ቃል ላይ ይመስለናል፤ አይደለም ይላል። ረጅሙንና ከባዱን ጸሎት ሰው ካርዱን እያየ በጥንቃቄ ያነበዋል። የሚሳሳተው አጭሩ ላይ፣ ይልቁንም የካህኑ ቃል ሳይለወጥ የሕዝቡ ምላሽ ብቻ የተለወጠበት ቦታ ላይ ነው። ካህኑ ዛሬም «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላሉ፤ ቃሉም ድምፁም ያው ነው። ዓይን ካርዱን ሳያገኝ አፍ «ከአንተም ጋር» ብሎ ይጨርሳል። «ጌታ አምላካችንን እናመስግን» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ የካህኑ ቃል ሳይለወጥ የሕዝቡ ምላሽ «ተገቢና ትክክል ነው» ሆኗል።

ቦታዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሯል። «ከመንፈስህም ጋር» አምስት ጊዜ ይመጣል፦ በመክፈቻው ሰላምታ፣ ከወንጌል በፊት፣ የቍርባን ጸሎት ሲጀመር፣ በሰላም ሰላምታ፣ ከመጨረሻው ቡራኬ በፊት። የመጀመሪያው ይሳካል፤ ሁሉም ካርዱን ይዞ ተዘጋጅቷልና። ወንጌሉ ላይ ሕዝቡ ገና እየቆመ ነው፤ ካርዱ አግዳሚው ላይ ቀርቷል። የመጨረሻው ላይ ደግሞ ካርዱ ወደ ቦታው ተመልሷል፣ ካፖርትም እየተለበሰ ነው። ስለዚህ ልምምዱ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ይበርታ፣ ያውም ካርድ ሳይያዝ ይላል። የካህኑ ቃልም የተለወጠበት ቦታ በአንጻሩ አያሳስብም። ሕዝቡ ከመቍረቡ በፊት «በጣራዬ ሥር ልትገባ አይገባኝም» ከማለቱ አስቀድሞ የካህኑ ግብዣ ራሱ ተለውጧል፤ ጆሮ እንግዳ ነገር ሲሰማ አፍ ይጠብቃል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ከክሩ ሌላው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ሆኖ ነው የታየኝ።

መልስ 6

ቀጥለው የጻፉት ካህን ናቸው፤ ስለ መጽሐፉ ራሱ ተናግረዋል። የመክፈቻ ጸሎቶቹ አሁን የላቲኑን አሠራር ተከትለው ብዙ ጊዜ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይሄዳሉ። ዋናው ግሥ የት እንዳለ ሳያውቁ የጀመሩት ጸሎት መሐል ላይ ትንፋሽ ያሳጣል፤ አንባቢው ከጠፋ ሰሚውም ይጠፋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው። የእሑዱን ሦስት ጸሎቶች፣ የመክፈቻውን፣ የመሥዋዕቱንና የመዝጊያውን፣ ሐሙስ ዕለት በወረቀት ገልብጦ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት፣ ዋናው ልመና በሚጀምርበት ላይ ሁለት ጭረት ማድረግ። ከዚያ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ማንበብ፤ በልብ ማንበብ አይጠቅምም።

መጽሐፉ ወፍራምና ከባድ ስለሆነ የሚይዘው የመሠዊያ አገልጋይ ልጅ አስቀድሞ ይለማመድ፤ ክንዱ ሲዝል መስመሩ ከካህኑ ዓይን ሥር ይወርዳልና። ሪባኖቹም ቅዳሜ ይደርደሩ፦ አንዱ የዕለቱ ጸሎት ላይ፣ አንዱ የቅዳሴው ሥርዓት መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ የቍርባን ጸሎት መክፈቻ በሆነው መቅድም ላይ፣ አንዱ በተመረጠው የቍርባን ጸሎት ላይ። ቀድሞ ገጹን በጣታቸው ያውቁት የነበሩ ካህን በአዲሱ ላይ ገጽ ሲፈልጉ የሚፈጠረው ዝምታ ሕዝቡን ያስጨንቃል።

አንድ ቦታ በተለይ አሳስበዋል። ከጽዋዕው በኋላ ካህኑ የሚሉት አጥሮ «የእምነት ምሥጢር» ብቻ ሆኗል። ሕዝቡን የሚጋብዝ ግሥ ስለሌለው ሰው የሚቀጥል ነገር አለ ብሎ ይጠብቃል። ኦርጋኑ ወዲያው መነሻውን ካልሰጠ ዝምታ ይወርዳል። ከሦስቱ አዋጆች አንዱን መርጦ ወቅቱን ሙሉ እሱን ብቻ መያዝ ይሻላል። የቀድሞው «ክርስቶስ ሞተ፣ ክርስቶስ ተነሣ» የሚለው በላቲኑ ስለሌለ ወጥቷል፤ አጥብቆ የሚጠይቅ ምእመን ግን ስለሚኖር መልስ ይዘጋጅ።

መልስ 7

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ረጅሙን የጻፈችው የሃይማኖት መምህርት ናት። መጀመሪያ መምህራኑ ይሠልጥኑ፤ ትምህርት ሳይጀመር አንድ ከሰዓት ይበቃል። የሒሳቡም የስፖርቱም መምህር ይግባ፤ ልጆቹን ይዘው ቅዳሴ የሚገቡት እነሱም ናቸውና መምህር ሲሳሳት ክፍሉ በሙሉ ይሳሳታል። ከዚያ በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ በቀን 10 ደቂቃ። ሰኞ መምህሩ ያነባል፣ ልጆቹ ይሰማሉ። ማክሰኞ ሐረግ በሐረግ ይደግማሉ። ረቡዕ ጽሑፉ በወረቀት ቁርጥራጭ ተበትኖ በቅደም ተከተል ያቀናጁታል። ሐሙስ ያለ ወረቀት ይሉታል። ዓርብ ትርጉሙን በራሳቸው ቃል ይናገራሉ።

ለመዋዕለ ሕፃናት ወረቀት አያስፈልግም። እነሱ አሮጌው በአፋቸው ስላልደደረ ከሁሉ ፈጥነው ይይዛሉ። አስቸጋሪዎቹ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ናቸው፤ እነሱ ላይ ማስጠናት ብቻውን አይሠራም፣ ምክንያቱን ይጠይቃሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ይከፈትላቸው፦ «በጣራዬ ሥር» ከማቴዎስ 8፥8 የመቶ አለቃው ቃል ነው፤ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» ከኢሳይያስ 6፥3፤ «ከመንፈስህም ጋር» በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥22 ይገኛል። በንስሐ ጸሎቱ «በበደሌ» ሦስት ጊዜ ሲባል ደረት ይመታል፤ ይህን በእጅ እያሳዩ ማስተማር እንጂ መናገር አይበቃም። የትምህርት ቤቱ የሳምንት ቅዳሴ ከኖቬምበር 28 በኋላ ባለው ሳምንት ስለሚውል፣ ልጆቹ እሑድ ከወላጆቻቸው ጋር ገብተው አንድ ጊዜ ብለውት ይመጣሉ። እሷ እንደምትለው ወላጁን የሚያስጠናው ልጁ ነው።

በመጨረሻ አንድ የሚረሳ ነገር አስታውሳለች። ለሕፃናት ቅዳሴ የተዘጋጁት የቍርባን ጸሎቶች በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ አልታተሙም፤ በትምህርት ቤት ቅዳሴ የሚጠቀሙባቸው ካህናት መጽሐፉን ከፍተው ሲያጡት እንዳይደናገጡ ከወዲሁ ይጠይቁ።

መልስ 8 እና 9

ስምንተኛው በአብዛኛው ተስማምቶ፣ ለ2ኛ ክፍል ግን በጸሎተ ሃይማኖት የገባውን «ኮንሰብስታንሻል» (አንድ ባሕርይ ያለው) የሚለውን ቃል ማብራራት ጊዜ ማባከን ነው፣ ቃሉን በአፋቸው ይያዙት፣ ፍቺው በኋላ ይመጣል አለ።

ዘጠነኛው ይህን ያዘና ድምፁን ከፍ አደረገ። አዋቂውም አይገባውም አለ። «ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ ያለው» የሚለውን ሰው በቀላሉ በሚረዳው ቃል መናገር እየተቻለ በላቲን ድምፅ ማስጠናት ምን ይጠቅማል? የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጳጳሳት ተቀብለው የላኩትን የ1998 ትርጉም ሮማ ባትመልሰው ኖሮ ይህ ሁሉ ካርድና ሥልጠና ባላስፈለገ። አስተባባሪዋ ሕዝቡን የምታዘጋጀው ለጸሎት ሳይሆን ለደረቅ ቋንቋ ነው ብሎ ደመደመ።

መልስ 10

አሥረኛው ቁጣውን አልሸሸገም። በጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ሳይመልሱ ማጉረምረም ሥራ የያዙትን ሰዎች እጅ ማሰር ነው አለ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገር ጻፈ። ቃሉ በ325 የኒቅያ ጉባኤ አባቶች በአርዮስ ላይ የመረጡት የግሪክ ቃል የላቲን አቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን የዕለት ተዕለት ንግግር አልነበረም፣ የተመረጠውም ማምለጫ ስለማይሰጥ ነው። የቀድሞው እንግሊዝኛ «በመሆን አንድ» ይል ነበር፤ ሰው ለመደው እንጂ ከዚህ ይበልጥ ገብቶት አልነበረም። አንድ እንግዳ ቃል ሰውን ቆም አድርጎ ካስጠየቀ ለካቴኪስቱ (ለሃይማኖት አስተማሪው) በር ተከፈተለት ይላል። በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ፤ በአነጋገሩ ግን አይደለሁም።

መልስ 11

አስተናባሪው ሁለቱንም ለማብረድ ገብቶ ከሁለቱም ወገን ሲባል የነበረውን አቃንቷል። የአዲሱ ትርጉም መነሻ ማርች 28 ቀን 2001 የወጣው የሮማ መመሪያ ነው፤ ቀድሞ የነበረው የ1969 መመሪያ ትርጉሙን ለነፃነት የለቀቀ ነበር፣ የ2001ዱ ግን ወደ ላቲኑ ቃል ይጠጋል። ካህኑ በጽዋዕው ላይ ከሚሉት ቃል «ለሁሉ» የሚለው «ለብዙዎች» እንዲሆን ሮማ በኦክቶበር 2006 በደብዳቤ ለጳጳሳት ጉባኤዎች አሳውቃለች፤ የቁምስና ኮሚቴ የሚወስነው አይደለም። ደቡብ አፍሪካ የሕዝቡን ክፍሎች በ2008 መጨረሻ ቀድማ ጀምራ ብዙ ቅሬታ ገጥሟታል፤ ማብራሪያው ቀድሞ መድረስ እንዳለበት ከዚያ መማር ይቻላል።

ምክሩም ይህ ነው፦ ቅሬታ ላለው ሁሉ በኦክቶበር አንድ ምሽት በአዳራሽ ይመደብ፤ ቆሞሱ ይቀመጡ፣ ሰው የፈለገውን ይናገር፣ ይመለስለት። ስብከት ላይ ግን ክርክሩ አይነሣ፤ ሰባኪ ከመሠዊያው አጠገብ ቆሞ ለትርጉሙ ሲሟገት የማይስማማው ሰው መልስ የመስጠት ዕድል የለውም።

መልስ 12 እና 13

እዚህ ላይ ወሬው ወጣ አለ። አሥራ ሁለተኛው በግዕዝ ቅዳሴ ያደገ ሰው፣ ይህ ሁሉ ግርግር ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር አለ። ካህኑ ሰላም ሲሉ ሕዝቡ «ወምስለ መንፈስከ» ይላል፤ «አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል «ርቱዕ ይደሉ» ይመልሳል። እንግሊዝኛው አሁን የደረሰው ግዕዙ ሳይለቅ የኖረበት ቦታ ላይ ነው። አሥራ ሦስተኛው አክሎ ስፓኒሹም፣ ፈረንሳይኛውም፣ ጣሊያንኛውም፣ ጀርመንኛውም «መንፈስ» የሚለውን እንዳልተዉ አስታወሰ። የሁለት ቋንቋ ቅዳሴ ያላቸው ቁምስናዎች ይህን ይጠቀሙበት፤ የስፓኒሹን ምላሽ የሚያውቅ ምእመን ለእንግሊዝኛው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መልስ 14 እና 15

አሥራ አራተኛዋ የኅትመት ሥራ የምታውቅ ናት፤ ክሩን ወደ ካርዱ መልሳዋለች። ካርዱ ለሁለት ሰው አንድ ከተባለ አይሠራም፤ በመቀመጫ ቁጥር ይታተም፣ ሰው ወደ ቤት ስለሚወስድም ትርፍ ይኑር። ላሚኔት ሲደረግ የመብራት ነጸብራቅ ያስቸግራል፤ የማያብረቀርቅ ወፍራም ወረቀት ይሻላል። የሕዝቡ ቃል በደማቅ ፊደል፣ ከ14 ነጥብ ሳያንስ፤ ዓይናቸው ለደከመ በትልቅ ፊደል ለብቻው። ጸሎተ ሃይማኖት መሐል ላይ ገጽ እንዲገለበጥ ከሆነ ካርዱ ተበላሽቷል፤ ሕዝቡ «በመንፈስ ቅዱስ ከድንግል ማርያም ሥጋ ለበሰ» ሲል ይጎነበሳልና በዚያ ሰዓት ወረቀት መገልበጥ አይችልም። መጎንበሱም በዚያው መስመር ጎን በትንሽ ፊደል ይጻፍ፤ በልደት ዕለት መንበርከክ እንደሆነም ጭምር። የተለወጡትን ቃላት በቀለም መለየት ጥሩ ይመስላል፤ እሷ ግን ትቃወማለች፣ ዓይን ቀለሙን ብቻ ያይና ዙሪያውን ከአሮጌው ልማድ ይሞላዋልና። በምልክት ቋንቋ ለሚያስተረጉሙ ጽሑፉ ከሁሉ ቀድሞ ይሰጣቸው።

አሥራ አምስተኛው በአጭሩ አንድ ነገር አስታወሰ፦ ጽሑፉ የቅጂ መብት ስላለው የመብቱ መስመር ከካርዱ ግርጌ ይግባ፣ ቃሉም ከነሥርዓተ ነጥቡ ሳይነካ ይታተም፤ ዜማ ካለበት ደግሞ ፈቃዱ ከዜማው አሳታሚ ለብቻው ይጠየቃል።

መልስ 16

ይህ መልስ ብዙ ቁምስና ከአደጋ ያዳነ ይመስለኛል። ሁሉም እሑድ ኖቬምበር 27 ይላል፤ የመጀመሪያው ቅዳሴ ግን ቅዳሜ ኖቬምበር 26 ማታ ያለው የዋዜማው ነው። አሮጌው የቅዳሴ ጽሑፍ ያለበት መጽሐፍና ወረቀት ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ከአግዳሚዎቹ፣ ከመዘምራን መደርደሪያ፣ ከዕቃ ቤት፣ ከዲያቆኑ መቀመጫ አጠገብ ተለቅሞ ይውጣ። አንድ አሮጌ ቅጂ የቀረበት አግዳሚ ሙሉው ይሳሳታል። ሐሙስ 24 የምስጋና ቀን ስለሆነ ግማሹ ሰው ጉዞ ላይ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹ ከወዲሁ ስማቸው ተጽፎ ይያዝ። እንግዳው ብዙ ስለሚሆንም ከቅዳሴ በፊት አንድ ደቂቃ የማይሞላ ማስታወቂያ ይነገር።

መልስ 17

ስለ አሮጌው መጽሐፈ ቅዳሴ ተጠየቀ። መልሱ አጭር ነው፦ አንድ ቅጂ ለቁምስናው መዝገብ ይቀመጥ፤ የቀረው በተባረከ መሬት ይቀበር ወይም ተቃጥሎ አመዱ ይቀበር። ወደ ቆሻሻ አይሄድም።

መልስ 18

በቁምስና ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጡት የሠርግና የቀብር ቅዳሴ ወረቀቶች ከአሁኑ ይታረሙ ይላል። በዲሴምበር ሐዘንተኛ ቤተሰብ ሲመጣ ጸሐፊዋ ያለፈውን ፋይል ከፍታ ስምና ቀን ብቻ ቀይራ ታትመዋለች፤ ያኔ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሁለት ትርጉም በአንድ ጊዜ ይሰማል። አሮጌው ፋይል ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ ሳይሆን ይሰረዝ።

መልስ 19

አስተባባሪዋ ተመልሳ ሁሉንም አመሰገነችና አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ ካርዱ እስከ መቼ ይቆይ? ዲያቆኑ እስከ ፋሲካ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2012፣ ብለዋል፤ በልደትና በፋሲካ ብቻ የሚመጣው ሰው አዲሱን ገና አልሰማምና። የመዘምራን መሪው ለእሑድ ቅዳሴ በዚህ ተስማምቶ፣ በዘወትር ቀን ቅዳሴ ግን ከጃንዩወሪ አጋማሽ ጀምሮ ካርዱ ይነሣ ብሏል፤ በየቀኑ የሚመጡት ሰዎች በዚያ ጊዜ ይይዙታል፣ ካርዱ እጃቸው ላይ እስካለ ድረስ ግን ኅብስቱ ከፍ ሲል እንኳ አንገታቸው ወደ ወረቀቱ ይደፋል።